ብሔር መውጣት ይችላል፤ ሰውስ?

ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ፖርቱጋላዊ ነበር። የላከው ንጉሥ ወሬ ይዞለት እንዲመለስ ነበር የጠበቀው። ሰውዬው ግን ዞሮ ዞሮ በፈረንጆቹ 1490ዎቹ መጀመሪያ አፄ እስክንድር ዘንድ ደረሰ። እስክንድር በደስታ ተቀበለው፤ በክብር እሸኝሃለሁ ብሎም ቃል ገባለት። ቃሉን ሳይፈጽም ሞተ። በኋላ የነገሠው ናዖድ "መሄድ የለም" አለው። ልብነ ድንግልም ያንኑ ደገመ። በ1512 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ ያገኙት መሬት የተሰጠው፣ ሚስት ያገባ፣ ልጆች ያፈራ ባለጸጋ ነው። ታሪኩን የጻፈልን ከመልእክተኞቹ አንዱ የነበረው ቄስ አልቫሬዝ ነው። ሁሉ ነገር ተሰጥቶታል፤ መሄድ ብቻ አይችልም።

ስለ ነፃነት ክርክር ሲነሣ ይህ ሰው ትዝ ይለኛል። እኛ አገር የሚያጨቃጭቀን "ማን ይግዛን?" የሚለው ነው። አንዱ ወገን የኛ ሰው ይውጣ ይላል፤ ሌላው የለም የኛ ይላል። የወጣው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ እጁ ከልክ በላይ ሲረዝምብኝ እኔ እንደ አንድ ሰው በየት በኩል ዞር እላለሁ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ደግሞ አሊዩ አምባ ነው።

አሊዩ አምባን ለማታውቁት፦ ከአንኮበር ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ አለ። ላይ ጋቢ ደርባችሁ ትነሣላችሁ፤ ታች ስትደርሱ ሸሚዛችሁ ከጀርባችሁ ይጣበቃል። ገብሱና ባቄላው ከኋላ ይቀርና ማሽላው ይመጣል። በቅሎው ይቀርና ግመሉ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያኑ ላይ፣ መስጊዱ ታች። ወዲያ አሻግራችሁ ስታዩ የአፋር ሜዳ በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቷል። ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሚያልፍባት መኪና እንኳ ብዙ አይደለም። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ግን የሸዋ መንግሥት በር ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ተቀምጦ የሚገዛበት ጊዜ ነው። ከተጁራ ባሕር ዳር የተነሣ ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ መጥቶ የሚያርፈው እዚህ ነበር። ሐረሪው፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሶማሌው በየዓርቡ ገበያ ይገናኛል። ጨርቅ፣ ጨው፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ በቅሎ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በ1842 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እዚያው ከተማ ውስጥ ቤት ይዞ ኖሯል፤ መጽሐፉ ዛሬም ቢነበብ አሰልቺ አይደለም።

ሣህለ ሥላሴ በደጋው ላይ ያለውን ገበሬ እንደፈለገ ያዘዋል። የእጅ ባለሙያው ለንጉሡ ይሠራል። የአሊዩ አምባን ነጋዴ ግን በዚያ ዓይነት መያዝ አይችልም። ለምን? ነጋዴው ሃይማኖቱ ሌላ ስለሆነ አይደለም፤ ንጉሡ ደግ ስለሆነም አይደለም። ነጋዴው ግመሉን ጭኖ ቁልቁል ከወረደ በግማሽ ቀን ውስጥ ከንጉሡ እጅ ይወጣል። በሚቀጥለው ወር ካልተመለሰ ደግሞ ጨርቁም ጠመንጃውም ይቀራል። ንጉሡ ይህን ያውቃል፤ ነጋዴውም ንጉሡ እንደሚያውቅ ያውቃል። በመካከላቸው የነበረው ጨዋነት ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የውጪ ሰው ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ በረሃው ለእርሱ ወዳጅ አይደለም። በኅዳር 1834 ዓ.ም. (1841 እንደ ፈረንጆች) ሣህለ ሥላሴ ከካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ ጋር ውል ሲፈራረም ከአሥራ ስድስቱ አንቀጾች ውስጥ የተካተቱትን ተመልከቱ። የውጪ ሰው ሸዋ ውስጥ ቢሞት ንብረቱን ንጉሡ መውረሱ ይቅር ተባለ። ውድ ዕቃ መግዛትና ለሰው ማሳየት ላይ የነበረው ክልከላ ይነሣ ተባለ። የመንገድ ክልከላም ይላላ ተባለ። ውሉ ምን ያህል ተከበረ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን፣ ውል ያስፈለገው በዚያ ዘመን የነበረው ልማድ ምን እንደነበር ይናገራል፦ የሞትክ እንደሆነ ንብረትህ የኔ ነው፤ ምን እንደምትለብስ እኔ አውቃለሁ፤ የምትሄደው እኔ ስፈቅድ ነው።

በይፋት ምድር መውጣት ከዚያም በፊት የቆየ ታሪክ አለው። የይፋት ሱልጣኖች ወላስማዎች ለደጋው ንጉሠ ነገሥት ይገብሩ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሐቀዲን የሚባለው የዚያ ቤት ልጅ መገበሩን እምቢ አለ። ዘመዱን ይፋት ላይ ትቶ ራሱ ወደ ምሥራቅ ዘለቀ፤ አዳል የምንለው መንግሥት ከዚያ ነው የመጣው። ወንድሙ ሰዓደዲን ዘይላ ላይ ሲገደል ልጆቹ ባሕር ተሻግረው የመን ገቡ። ኋላ ተመልሰው ነገሡ። እንግዲህ አዳል ያደረገውን ሁሉ ታሪክ ተምራችኋል፤ አልደግመውም።

ከአራት መቶ ዓመት በላይ ወዲህ እንምጣ። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የይፋት ገዢ ወላስማ መሐመድ ይባላል። ስሙ ላይ የተቀጠለው ማዕረግ ያው የጥንቱ ቤት ስም ነው። ሥራው ምን ነበር? ግብር ከመሰብሰብና በር ከመጠበቅ ሌላ፣ ጎንጮ የሚባለው ኮረብታ ላይ የንጉሡን እስረኞች ይጠብቃል። የሚጠብቃቸው ደግሞ የንጉሡን የገዛ ወንድሞችና ዘመዶች ነው፤ ዙፋን እንዳይመኙ ተብለው በሰንሰለት የታሰሩ። ሃሪስ ከመሄዱ በፊት ንጉሡን ለምኖ ሰባቱን አስፈትቷል። ከአባቶቹ አንዱ አልገብርም ብሎ አገር ለቆ ወጣ፤ የልጅ ልጁ የንጉሥ ወህኒ ጠባቂ ሆነ። ነገሩን ሳስበው ቅር ይለኛል እንጂ አልፈርድበትም። ሁሉም ሰው ግመል ጭኖ መውረድ አይችልም።

ይህንን ስጽፍ "ድሮ በአሊዩ አምባ ነፃነት ነበር" የሚል የሚያምር ተረት እየሠራሁ እንዳይመስላችሁ። ከከተማዋ ጥቂት ራቅ ብሎ አብዱል ረሱል የሚባል ቦታ አለ። የባሪያ ገበያ የነበረው እዚያ ነው። ከደቡብና ከምዕራብ ተይዘው የመጡ ልጆች፣ አብዛኞቹ ገና ያላደጉ፣ እዚያ ተሽጠው ነጋዴው በነፃነት በሚወርድበት በዚያው መንገድ ወደ ተጁራ ይነዱ ነበር። መንገዱ አንድ ነው። አንዱ የሚወርድበት ፈልጎ ነው፤ ሌላው የሚወርድበት ተነድቶ ነው። ንጉሡን የሚያስፈራው የነጋዴው የመሄድ ነፃነት በሌሎች ሰዎች ላይ የተጫነ ነበር። ስለ ነፃነት ሲወራ ይህን መዝለል አልወድም።

ገበሬውስ? ገበሬ መውጫው ጠባብ ነው። ጌታው ቢያስመርረው ወደ ሌላ ጌታ መሄድ ይችላል፤ ርስቱን ግን ተሸክሞ አይሄድም። ስለዚህ አቤት ይላል። አቤቱታው ካልተሰማ ይሸፍታል፤ ለመሸፈት ደግሞ ጠመንጃና ጫካ ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ካልተቻለ በቀን የታዘዘውን ያደርጋል፣ በሌሊት የራሱን። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ ሲታዘዝ በወሎም ሆነ በአካባቢው ብዙ ቤት የተደረገው ይኸው ነው፦ ቀን አንገት ላይ ማተብ፣ ሌሊት ሶላት። አንዳንዱ ሸህ ጠልሃን ተከትሎ ተዋጋ፣ አንዳንዱ አገር ለቀቀ። አብዛኛው ግን በሩን ዘግቶ ቆየ። ታሪክ ጸሐፊ የተዋጋውን ይጽፋል። በሩን ዘግቶ የሰገደው ስሙ የትም የለም፤ ሃይማኖቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. መሬትን ሲያውጅ ገጠሩን በገበሬ ማኅበር፣ ከተማውን በቀበሌ አደራጀ። ከዚያ በፊት የነበረው መንግሥት ሩቅ ነበር፤ ይህኛው ግን ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ስኳር ወሰደ፣ ማን ስብሰባ ቀረ፣ ሁሉንም ያውቃል። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ለእያንዳንዱ ገበሬ ማኅበር ኮታ መጣ። ይህን ያህል ወጣት አምጡ። ካልመጣ አፈሳ።

አጎቴ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ባለ የማሽላ እርሻ ውስጥ ሁለት ክረምት ተደበቀ። ማሽላው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ውስጡ የገባ አይታይም። እናቴና ታናናሾቿ በየተራ እንጀራ ይወስዱለታል። አንድ ቀን የማኅበሩ ሊቀመንበር በመንገድ ላይ አገኛቸው። በአገልግል ምሳ የያዙ ሦስት ልጆች፣ ሰው ወደሌለበት እርሻ ይሄዳሉ። ቆም ብሎ አያቸውና "ጅብ ነው የምትቀልቡት?" አላቸው። ዝም አሉ። "በሉ ጅቡ እንዳይጮህ ንገሩት" ብሎ መንገዱን ቀጠለ። በዝርዝሩ ላይ አጎቴን "አዲስ አበባ ሄዷል" ብሎ ጻፈው። ይህን ታሪክ በቤታችን ሁሌም እየተሳቀ ነው የሚነገረው።

ኮታው ግን ኮታ ነው፤ መሞላት ነበረበት። በአጎቴ ፈንታ ማን እንደ ሄደ አንድ ጊዜ እናቴን ጠየቅኋት። "የአባት የሌለው ልጅ ነው" አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

እንግዲህ የኔ ነጥብ እዚህ ጋ ነው። በይፋት ሰው ከመንግሥት እጅ ያመለጠው በሕግ አይደለም። ያመለጠው በገደሉ፣ በበረሃው፣ በማሽላው፣ አይቶ እንዳላየ በሚያልፍ ሹም ነው። ሕጉ ሁልጊዜ ከባድ ነበር፤ ወንፊቱ ግን ሰፊ ነበር። በወንፊቱ የሚያልፈው ደግሞ ዘመድ ያለው ነው። ግመል ያለው፣ ሊቀመንበሩን በክርስትና የሚያውቀው፣ እንጀራ የሚወስዱለት እህቶች ያሉት ሰው ያልፋል። አባት የሌለው ልጅ ያዛል። ቀዳዳ ነፃነት ይሰጣል፣ ፍትሕ ግን አይሰጥም።

አሁን ቀዳዳው እየጠበበ ነው።

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ በየቦታው ይጠየቃል፤ ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ሳይቀር። እኔ በመታወቂያው ላይ ጠላትነት የለኝም። መታወቂያ የሚሰጣት ቀበሌ አጥታ የራሷን ገንዘብ በሰው ስም ስታስቀምጥ የኖረች ሴት አውቃለሁ፤ ለእሷ ፋይዳ ነፃነት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ወጥቷል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው መጥፎ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። አሻራህ፣ ስልክህ፣ ሒሳብህና መኖሪያህ በአንድ ቁጥር ከተያያዙ በኋላ በመካከል የሚቆም ሊቀመንበር የለም። ኮምፒዩተር "ጅብ ነው የምትቀልቡት?" ብሎ አያልፍም። ሰውየው ክፉ ሲሆን ይህ ጥሩ ነው። ትእዛዙ ክፉ ሲሆንስ?

መንገዱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት በጣርማ በር ስትወርዱ ስንት ጊዜ እንደምትፈተሹ የምትመላለሱበት ትነግሩኛላችሁ። ባለፈው ስሄድ የመኪናው ረዳት ገና ሳንነሣ "ስልካችሁን አስተካክሉ" አለን። ምን ማለቱ እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ማጥፋት ጀመረ። ፎቶ፣ መልእክት፣ ቻናል። ከጎኔ የተቀመጠች እናት "ልጄ የኔንም እየው እስቲ፣ ምን እንዳለበት አላውቅም" ብላ ሰጠችኝ። የልጅ ልጇ ጥምቀት ነበር ያለበት። ኬላው ላይ አንድ የታጠቀ ልጅ፣ የየትኛው ወገን እንደነበር አልናገርም፣ ስልኬን ተቀብሎ ቴሌግራሜን ወደ ላይ ወደ ታች አገላበጠው። ይህን ቻናልም ሳያየው አልቀረም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክም ሆነ በደብዳቤ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ልጁ አንቀጹን አያውቅም፤ እኔም አላነበብኩለትም።

አንቀጽ 32 ደግሞ አለ። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖር፣ በፈለገው ጊዜም ከአገር የመውጣት ነፃነት አለው። ግልጽ ነው፤ ኮቪልያ ቢያነበው ያለቅስ ነበር። ግን ወደ አንቀጽ 93 ሂዱ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ መብቶች ሊታገዱ ይችላሉ፤ ከአራት ነገሮች በስተቀር። አንዱ አንቀጽ 1 ነው፣ የአገሪቱ ስያሜ። አንዱ አንቀጽ 18 ነው፣ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው። አንዱ አንቀጽ 25 ነው፣ እኩልነት። የመጨረሻው የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2። ንዑስ አንቀጽ 1 ምን እንደሆነ ለማንም አልነግርም፦ ብሔር ብሔረሰብና ሕዝብ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብቱ፣ እስከ መገንጠል።

አስቡት። በአስቸኳይ ጊዜ ውስጥ እንኳን አንድ ብሔር ከአገሪቱ የመውጣት መብቱ አይነካም። አንድ ሰው ግን ከአንኮበር አሊዩ አምባ ወርዶ ገበያ የመዋል መብቱ በአንድ አዋጅ ይታገዳል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች መውጣት ትልቅ መብት መሆኑን አሳምረው ያውቁ ነበር። ከአብዛኛው የሰው መብት በላይ ጠበቁት። የሰጡት ግን ለሰው አይደለም። እኔ ብሔር ሆኜ ልወጣ እችላለሁ፤ እኔ ሆኜ ግን ኬላው ላይ እቆማለሁ። ስለ አንቀጽ 39 ሠላሳ ዓመት ሲጮህ ኖረናል፣ የሚደግፈውም የሚቃወመውም። ከሱ ጎን የተቀመጠውን ባዶ ቦታ ግን ያየው ጥቂት ነው።

ይህ ደግሞ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ስንት አዋጅ እንደወጣ ቁጠሩ። መስከረም 2009፣ የካቲት 2010፣ በኮሮና ጊዜ 2012፣ ጥቅምት 2013 በትግራይ፣ ጥቅምት 2014 በመላ አገሪቱ፣ ሐምሌ 2015 በአማራ ክልል። ስድስት። የመጨረሻው ጥር 2016 ላይ ለአራት ወር ተራዝሟል። ካበቃ በኋላም መስከረም 2017 ላይ በክልሉ የጅምላ እስር ተጀመረ፤ መምህራን፣ ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎች ሳይቀሩ ተያዙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እስረኞች የተሰበሰቡባቸው ብሎ ከጠቀሳቸው አራት ካምፖች አንዱ ሸዋ ሮቢት ነው። ሌሎቹ ዳንግላ፣ ሰራባና ጮሪሳ ናቸው። እንግዲህ ይፋት ከጎንጮ ኮረብታ ጀምሮ የታሳሪ አገር ናት፤ የሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ራሱ ከ1997 ምርጫ በኋላ ስንት ወጣት እንዳየ ታስታውሳላችሁ።

የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። "አገር ስትፈርስ ስለ ስልክ ፍተሻ ታወራለህ?" ይባላል። ለዚህ መልስ የሸዋ ሮቢትን ሰው ጠይቁት። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል አይቷል። በ2014 ኅዳር ላይ ጦርነቱ ራሱ ከተማው ውስጥ ገብቶ አይቷል። መንግሥት ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ከማናችንም በላይ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ዛሬም መንገድ ዝጉ የሚለው መንግሥት ብቻ አይደለም። "ነፃ አወጣሃለሁ" የሚለውም መኪና ያቆማል፣ ገንዘብ ይቀበላል፣ ልጅህን ስጠኝ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለ ነጋዴ ለሁለቱም ይገብራል። ለዚህ ነው ጉዳዩን ከማን ይግዛን ማውጣት የምፈልገው። ኬላው ላይ የቆመው ሰው ቢቀየር የስልኬ ጉዳይ አይቀየርም።

ሥርዓት የሚፈልግ ሰው መብትም ይፈልጋል፤ ሁለቱ አይጣሉም። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 የአስቸኳይ ጊዜን ይፈቅዳል። ግን በዚያ ጊዜ የታሰረ ሰው ቤተሰቡ ወይም ወዳጁ ወዲያው እንዲያውቅ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ስሙና የታሰረበት ቦታ በመንግሥት ጋዜጣ እንዲወጣ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያየው ያዝዛል። የኛም አንቀጽ 93 ቢሆን ዝም አላለም፤ መርማሪ ቦርድ የታሰሩትን ሰዎች ስምና ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ይላል። ዘመድ የታሰረባችሁ ንገሩኝ፣ ስሙን የት ለጥፈውት አገኛችሁ?

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የማይታገዱ መብቶች ዝርዝር ውስጥ የሰው ልጅም ይግባ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ፣ የት እንዳለህ ቤተሰብህ ማወቁ፣ ስልክህ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አለመከፈቱ። ገደሉ ለነጋዴው ይሠራለት የነበረውን ሥራ አሁን አንቀጽ ካልሠራው የሚሠራው የለም። አንቀጽ ደግሞ ከገደል የሚሻልበት ነገር አለው፤ አባት ለሌለው ልጅም ይሆናል።

እስከዚያው ሰው የሚችለውን ያደርጋል። የውዴታ ግዴታ የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ መዋጮ በፈቃደኝነት ይባልና ደመወዝ ላይ ተቆርጦ ይገኛል፤ ሰልፍ በፈቃደኝነት ይባልና ስም ይጠራል። አሊዩ አምባ ላይ ያነጋገርኳቸው አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሽማግሌ ስለዚህ ስጠይቃቸው ሣቁ። "ልጄ፣ እኔ በሦስት መንግሥት ስብሰባ ተጠርቻለሁ" አሉኝ። "ለሁሉም መጣሁ ብያለሁ። ለአንዳቸውም አላጨበጨብኩም። እጄ የኔ ነው።" "አይፈሩም ነበር?" አልኳቸው። "ፈርቻለሁ እንጂ፤ ለዚህ ነዋ የሄድኩት" አሉ። መዋጮውን ከፍለዋል፣ መታወቂያውን አውጥተዋል፣ መፈክር ግን አልደገሙም። ቀላል ነገር ነው የምትሉ ካላችሁ አንድ ጊዜ ሁሉም ሲያጨበጭብ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡና ሞክሩት።

ወጣቱ ግን እንዲህ አይጠብቅም። ቅፍለቱ ይወርድበት የነበረውን የአፋርን ምድር ዛሬ የሚያቋርጡት ከሰሜን ሸዋና ከወሎ የተነሡ ልጆች ናቸው። ከተጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለው ኦቦክ ይደርሳሉ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። የሰዓደዲን ልጆች የተሻገሩት ባሕር መሆኑ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በጅቡቲ ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ብዙ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል፤ የሚገርመው የሰጠሙት ከየመን ሲመለሱ ነበር።

ሸዋ ሮቢት ሻይ ቤት ውስጥ አንዱን አግኝቼው ነበር። ሃያ ዓመት አይሞላውም። ደላላው ማክሰኞ ይነሣሉ ብሎታል። ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰማ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ነው።

"ጋሼ፣ እዚያ መታወቂያ ይጠይቃሉ?"

"ኦቦክ?"

"አዎ።"

"አይመስለኝም" አልኩት። "ገንዘብ ነው የሚጠይቁት።"

የቀበሌ መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ አየው፤ "እንግዲያው ለእማዬ ትቼላት እሄዳለሁ" አለና ሻዩን ጨረሰ።